ለፊት ክሬም የተተከለ ድንኳን

ቤተሰብ፣ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ማን ሞተ እንደተባለ ያወቅኩት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ካለቀስኩ በኋላ ነው!

ቁጭ በሉ። ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡት፣ ትን ይላችኋል።

ይህን የምጽፍላችሁ ፊቴን እርጎ ተቀብቼ ሶፋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። ፊልተር የለም፣ ሴልፊ የለም፣ ላይቭ የሚባል ነገርማ እንዳታነሱብኝ። የሚያሳክከኝን እንኳ መንካት አልችልም።

ነገሩን የጀመራችሁት ደግሞ እናንተው ናችሁ።

አዎ፣ እናንተ! ያቺን ሰንጋ ተራ የተነሳኋትን ፎቶ ፖስት ሳደርግ ከመሃላችሁ አንዱ ምን ብሎ ኮመንት ሰጠ? «ጉንጭሽ ላይ ያለው ማድያት ነው ወይስ የአፍሪካ ካርታ?» ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለ ሳቀብኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ልጆች አንዷ እንዲያውም የልብ ምልክት አድርጋለታለች። ስምሽን አልጠራም፣ ግን አይቻለሁ።

እኔም ፋራ እንዳልባል «ሃሃሃ አፍሪካ አንድ ትሁን» ብዬ መለስኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። በማርያም፣ ልጁ አልዋሸም። ማዳጋስካር እንኳ ሳትቀር በስተቀኝ በኩል አለች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ልደታ ታክሲ ከምይዝበት ፊት ለፊት ያለችው ኮስሞቲክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ፊት ላይ አንዲት ነጥብ የለም። እንዲህ ዓይነት ፊት ያለው ሰው የሚናገረውን ሁሉ አምናለሁ፣ ድክመቴ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ፒሊንግ ክሬም ነው። አሲድ አለው። የሞተውን ቆዳ ልጦ ያነሳና አዲሱን ያወጣልሻል።»

«አሲድ?» አልኩ።

«አይ፣ ጥሩው አሲድ ነው።»

ጥሩው አሲድ! እኔም «እሺ፣ ጥሩው ከሆነ» ብዬ ገዛሁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሴት ነኝ፣ እንዳትረሱ።

ልጅቷ ግን አትወቀስም። አስረድታኛለች። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳታቆዪው፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ታጠቢ አለችኝ። ክንዴ ላይ ምን ልሠራ? አፍሪካ ያለችው ፊቴ ላይ ነው። ክንዴን ዘለልኩት። «በብዙ ውሃ» ያለችውን ደግሞ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አወጣሁት።

ከመቀጠሌ በፊት አንዲት ትንሽ ኃጢአት ልናዘዝላችሁ፣ ኋላ ትመጣለችና።

ባለፈው እሑድ የብሎካችን እድር ስብሰባ ነበር። የእድሩ ሊቀመንበር ሻምበል በላይ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ከኔ በር አጠገብ ይኖራሉ። ሻምበል ኩላሊታቸውን ታመው ወር ሙሉ አልጋ ላይ ናቸው፣ ግን አልጋ ላይ ሆነውም በስልክ ያዙናል። «ሰብለ፣ ዛሬ እንዳትቀሪ!» ብለው ደወሉልኝ።

እኔ ደግሞ ፒጃማዬን ለብሼ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ስለ ቆዳ እንክብካቤ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። እና አፌ ላይ የመጣልኝን አልኳቸው። «ውይ ሻምበል፣ እናቴን አሟት ወሊሶ ልሄድ ነው።»

«ውይ! እግዜር ይማርልሽ፣ ሂጂ ሂጂ» አሉኝ ታማሚው ሰውዬ።

እናቴ ደህና ነበረች። ማለቴ፣ ደህና ናት ብዬ ነው። ከደወልኩላት ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። «ነገ እደውላለሁ» ስል «ነገ እደውላለሁ» ስል፣ ታውቁት የለ?

እናቴን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። እማማ በቀለች ይሏታል። አምና ከወሊሶ ቅቤና ቆጮ ተሸክማ መጥታ ሁለት ወር ተቀመጠች፣ በሁለት ወር ውስጥ ብሎኩን ሁሉ ዘመድ አደረገችው። እኔ አምስት ዓመት ደረጃ ላይ በአንገቴ ሰላም እያልኩ የማልፋቸውን ሰዎች እሷ የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ሳይቀር ታውቃለች። ስትሄድ የሸኟት በሁለት መኪና ነው። እኔን ለሥልጠና ስሄድ ማንም አልሸኘኝም፣ ግን ይሁን።

እሺ፣ ወደ ዛሬ ጠዋት።

ቅዳሜ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሥራ የለም። ክሬሙን ከግንባሬ እስከ አገጬ ለቀለቅኩት። ማዳጋስካር ላይ ደርቤ ለቀለቅኩ። የስልኬን ሰዓት አሥር ደቂቃ ሞላሁና ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ የአዲሱን ፊቴን ፖስት ጽሑፍ ማሰብ ጀመርኩ። «ከውስጥ የሚመጣ ውበት» የሚል ነበር።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሞቀኝ። አምስተኛው ላይ ጠዘጠዘኝ። ሰባተኛው ላይ «እየሠራ ነው ማለት ነው» አልኩ። አሥር ሲሞላ በሩጫ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት።

ፍስስስስ።

ከዚያ ዝም!

ቅዳሜ የኛ ብሎክ የውሃ ፈረቃ አይደለም። አምስት ዓመት በፈረቃ የኖረች ሴት ናት ይህን የረሳችው! ጀሪካኑን አነሳሁት፣ ቀለለኝ። ለካ ማታ ለአዲሱ ፊቴ የሚመጥን ፀጉር ይኑረኝ ብዬ በመጨረሻው ውሃ ታጥቤበታለሁ።

ፍሪጅ ከፈትኩ። ግማሽ ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃ አለ። ውሃ ውሃ ነው ብዬ ፊቴ ላይ ገለበጥኩት።

ቤተሰብ፣ አትሞክሩት። እያንዳንዷ አረፋ ፊቴ ላይ ለብቻዋ ነደደች። እኔም ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ ልንገራችሁ? እንደ ማንኛችሁም። ሰው ሲቃጠል ማንን ይጠራል?

«ወይኔ እናቴ! እናቴን! ወይኔ እናቴዋ!»

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔ ቤት ማስነጠስ ሦስት በር ድረስ «ይማርሽ» ያስብላል።

ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ጎረቤት እትዬ አስካለ በር ላይ ደረስኩና በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ከፈቱልኝ። ዓይኔ እንባ በእንባ ነው፣ ፊቴ ቀልቷል፣ ጉንጬ ተልጧል።

«ውሃ! እትዬ አስካለ፣ ውሃ!»

አንድም ነገር አልጠየቁኝም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአፍታ አዩኝ፣ ከዚያ በጆግ ውሃ አመጡ። እዚያው በሩ ላይ ፊቴ ላይ አፈሰስኩት፣ ደገሙልኝ፣ ደግሜ አፈሰስኩት። ቀና ስል እሳቸውም ያለቅሳሉ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። አይዞሽ። ሁላችንም ነን።»

ሁላችንም ነን? እሳቸውም ክሬም ይቀባሉ እንዴ ብዬ ገረመኝ። ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሰጡኝ፣ ተሸክሜ ገባሁ። እንዴት ያሉ አዛኝ ሴት ናቸው አልኩ በልቤ።

መስታወት አየሁ።

ማድያቱ የለም። ቆዳውም የለም።

በፈላ ውሃ ገብቶ የተላጠ ቲማቲም አይታችኋል? እሱን መስያለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ቪዲዮ ኮል ይወዳሉ፣ ያቺ የልብ ምልክት ያደረገችዋ ልጅ ይህን ፊት ከምታይ ሞቴን እመርጣለሁ ብዬ ስልኬን ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁት። እርጎ ተቀባሁ፣ ተኛሁ።

ይህንን ስልክ ማጥፋቴን ያዙልኝ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ የብረት ኳኳታ ቀሰቀሰኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው! አግዳሚ ወንበር ይወጣል፣ ትልቁ የእድር ብረት ድስት ተጥዷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለቅሶ ነው።

ክው አልኩ። ወዲያው ገባኝ። ሻምበል በላይ!

ወር ሙሉ የታመሙ ሰውዬ። ለዚያ ነው እትዬ አስካለ ጠዋት ያለቅሱ የነበረው። ለዚያ ነው «ሁላችንም ነን» ያሉኝ። ባላቸው ውስጥ ሞተው ተኝተው እኔ ለፊት ክሬም ውሃ አምጡ ብዬ በራቸውን ስደበድብ! ጀሪካናቸውን ሁሉ ወስጄ!

ሼም በቁሜ ዋጠኝ። ጥቁር ልብስ ለበስኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እስከ አፍንጫዬ ድረስ ሳብኩት። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፣ አልደብቃችሁም፦ ለተላጠ ፊት እንደ ለቅሶ የሚመች ቦታ የለም። ማንም ቀና በይ አይልሽም፣ ለምን ቀላሽ አይልሽም።

አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ድንኳኑ በር ላይ ብቅ ስል ሰው ሁሉ ተነሳ።

ሁሉም! የሦስተኛ ፎቁ መምህር፣ የሱቁ ሰውዬ፣ ጥበቃው ሳይቀር። ለቅሶውም በአንድ ጊዜ ቀለጠ። ይህን ሰፈር አላውቀውም ነበር ማለት ነው፣ ለካ ይወዱኛል አልኩ።

በቀጥታ ሄጄ እትዬ አስካለ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ አስካለ!»

«አንቺን ያጥናሽ ልጄ!»

«የለም፣ እርስዎን!»

«አንቺን እንጂ!»

«እርስዎን ነው እንጂ!»

ወደ ሰዉ ዞር ብለው «እዩልኝ እስቲ፣ እንዲህ ሆና እንኳ ለሰው ታስባለች» አሉ። እንዲህ ሆና ሲሉ ስለ ፊቴ መስሎኝ ነጠላዬን ይበልጥ ሳብኩት።

መሃል ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደገፉኝ። እኔም አለቀስኩ። መጀመሪያ ለሻምበል ነበር ያለቀስኩት፣ እውነቴን ነው። ደግ ሰው ናቸው። በኋላ ግን እንባዬ የተላጠው ጉንጬ ላይ ደረሰ። እንባ ጨው ነው! ሲለበልበኝ አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይለበልበኛል። ማቆሚያ አጣሁለት። «ኧረ ያዟት፣ ራሷን ልትጎዳ ነው» ይላል አንዱ። «ተዋት ይውጣላት» ይላል ሌላው። በዚያ ድንኳን ውስጥ እንደኔ ያለቀሰ የለም። የሟች ሚስት እንኳ ከኔ ተሽለው እኔን ያባብላሉ።

አንድ ሰዓት ሙሉ!

ታዲያ በመሃል ከውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የማውቀው ድምፅ ነው።

«ጎበዝ፣ አግዳሚውን በግራ በኩል አድርጉት! እንግዳ መግቢያ የት አለው?»

ቀና አልኩ። አንድ ሰውዬ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሌላ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዘው ገቡ።

ሻምበል በላይ። ሟቹ!

እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። ጣቴን ቀስሬ «እሳቸው… እሳቸው…» ብዬ ወደ ኋላዬ ወደቅኩ። «ውሃ! ውሃ አምጡ!» ተባለ። ጠዋት አንድ ኩባያ ያጣሁለት ፊት ላይ አሁን ከአራት አቅጣጫ ውሃ ወረደበት። ነጠላዬ ረጠበ፣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፣ እኔም ለማንሳት አልደፈርኩም።

ሻምበል ትሪውን አስቀምጠው እያቃሰቱ አጠገቤ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ጠንከር በይ ልጄ። እኔም መነሳት ከብዶኝ ነበር። ግን የእማማ በቀለችን ሰምቼ እንዴት አልጋ ላይ እተኛለሁ?»

የእማማ በቀለችን።

የናቴን ስም።

ቤተሰብ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም።

በኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። በመንገድ አይነገርም። ሰው ቀድሞ ይሰማል፣ ይመክራል፣ ይሰበሰባል። ሁሉም ያውቃል፣ የማታውቀው ልጅየዋ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ስልኬን አጥፍቻለሁ። ከወሊሶ ደውለው ቢያጡኝ ለማን ይደውላሉ? ለእድሩ ሊቀመንበር።

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ስህተት ይሆናል አላልኩም። አንድ ሰው እንኳ ተሳስቷል ብዬ አላሰብኩም። እናቴ ሞታለች፣ ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ሰዓት ሙሉ ለሰው ሳለቅስ ነበር አልኩ።

ከዚያ «እናቴን አሟታል» ያልኳት ቃል መጣችብኝ። በፒጃማ። በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ። ያላመማትን በአፌ አሳመምኳት። አሟረትኩባት። ሦስት ሳምንት አንድ ቀን አልደወልኩም፣ ስለ ቆዳ ግን ስንት ሰዓት አይቻለሁ! እሳቱ ከፊቴ ላይ ጠፍቶ ሆዴ ውስጥ ገባ። ያኔ የወጣኝ ልቅሶ የክሬሙ አይደለም።

ተነስቼ ሮጥኩ። «ያዟት!» ይላሉ ከኋላዬ። ከጎኔ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ተከትለውኝ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ሮጡ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸው።

ስልኩን አበራሁት። የዛሬን ያህል ቀስ ብሎ የበራበት ቀን የለም። ሲበራ መልእክት ይዥጎደጎድ ጀመር። ሰባት ያመለጠ ጥሪ። ሰባቱም ከእናቴ ስልክ።

በስልኳ ማን ነው የሚደውለው? አልኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ደወልኩ። አይነሳም።

ደወልኩ። አይነሳም።

በሦስተኛው ተነሳ።

«አንቺ ልጅ! ምን ሆነሽ ነው ስልክ የምትዘጊው? ቅቤ በሚኒባስ ልኬልሻለሁ ተቀበይ ልልሽ ጠዋት ሙሉ ስጠራሽ! ሹፌሩ ሊያቀልጠው ነው!»

ስልኩን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«ሰብሊ? ሃሎ? ትሰሚኛለሽ?»

«እማዬ… አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ቅቤውን ተቀበይ እያልኩሽ!»

ቤተሰብ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቅቤ የሚጣፍጥ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። እየሳቅኩ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ክሬሙን፣ ፈረቃውን፣ ድንኳኑን። ስጨርስ ሊያስደነግጣት ነው፣ ደም ግፊቷ ሊነሳ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ስንት ሰው መጣ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ለቅሶዬ ላይ ነዋ። ስንት ሰው አለ?»

«ሞልቷል እማዬ። ድንኳኑ ሞልቷል።»

«ሻምበልም ከአልጋ ተነሱ?»

«ተነሱ።»

«እንዲያ ነው እንጂ ሰው!» አለች በኩራት። «በይ ውረጂና ድምፄን አሰሚያቸው። ሰው በከንቱ አይልቀስብኝ።»

ወረድኩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ስል ወረድኩ፣ አልተሰነጠቀችም። ድንኳኑ መሃል ቆምኩና ነጠላዬን ከፊቴ ላይ ገፈፍኩ። ሁሉም ሲያየኝ «እእእ!» አለ።

«እናቴ አልሞተችም። ማንም አልሞተም። ክሬም ተቀብቼ ነው።»

ማንም አላመነኝም።

ስልኩን ላውድ አደረግኩት።

«ጤና ይስጥልኝ! በቀለች ነኝ! አለሁ!»

የሱቁ ሰውዬ አማተበ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ጮሁ፣ ከዚያ እልል አሉ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው «በቀለች! እህቴ! አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አስካለ። አለቀስሽልኝ?»

«ዓይኔ እስኪጠፋ!»

«ይገባኛል!»

ከዚያ ነው እንዴት እንደሆነ የተነገረው። እትዬ አስካለ ገጠር ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው ቅርብ ሰው የሞተባት ሴት ጉንጯን በጥፍሯ እየነጨች ቆዳዋን ልጣ ስታለቅስ አይተዋል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ልክ በመርዶ ሰዓት፣ በግድግዳው «እናቴን! ወይኔ እናቴ!» የሚል ጩኸት ሰሙ። በር ሲከፍቱ ነጠላ የጣለች፣ ጉንጯ የተላጠ፣ ውሃ ውሃ የምትል ሴት አዩ። ምን ብለው ይጠይቁኝ? ሐዘንተኛ ማን ሞተብሽ አይባል! ስልኬ ላይ አስደወሉ፣ ዝግ ነው። ለሻምበል ነገሯቸው።

«እኔም ወዲያው አመንኩ» አሉ ሻምበል። «ምክንያቱም…»

ኧረ ሻምበል፣ በናትዎ! ዓይኔን አጉረጠረጥኩባቸው፣ አልገባቸውም።

«…ባለፈው እሑድ ከስብሰባ ስትቀሪ እናቴን አሟት ወሊሶ ልሄድ ነው ብለሽኝ የለ?»

ስልኩ ላውድ ላይ ነው።

«ማን ነው የታመመው?» አለች እናቴ። «እኔ? መቼ?»

ድንኳኑ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ፊቴ ከዚህ በላይ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ቀላ።

«ወሊሶ አልመጣችም እኮ» አለች እናቴ በስልኩ። «ከደወለችልኝስ ሦስት ሳምንቷ!»

ሰዉ ሳቀ። የሦስተኛ ፎቁ መምህር አግዳሚውን እየደበደበ ሳቀ። ሻምበል ኩላሊታቸውን ይዘው ሳቁ። «እድራችን ከተቋቋመ ድንኳን ለቅባት ስንተክል ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ንፍሮውም በስሎ ስለነበር ተዘግኖ ተበላ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ለእናቴ ረጅም ዕድሜ ተመረቀ። እኔም በየአግዳሚው እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅኩ። እትዬ አስካለ ጉንጬን ሳይነኩ በሩቁ ሳሙኝ።

እናቴ ግን ስልኩ ውስጥ አልሳቀችም። ያቺን ብቻ ሰማኋት፣ አለመሳቋን።

ቤት ገብቼ በቪዲዮ ደወልኩላት። ፊቴን ስታይ ስልኳን አስጠግታ፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች።

«የቱ ጋ ነበር ያጠፋሽው?»

ጉንጬን አሳየኋት። እሷም ስልኩን ወደራሷ ጉንጭ አዞረችው። እኔ ጠዋት የላጥኩት ካርታ እዚያ ላይ ቁጭ ብሏል። አፍሪካ ከነማዳጋስካር! ዕድሜ ልኬን ያየሁት ፊት ነው፣ ዛሬ ነው ያየሁት።

«ይሄ አንቺን ሳረግዝ የወጣብኝ ነው» አለች። «ስትወልጂ ይጠፋል ብለውኝ ነበር። አንቺ ወጣሽ፣ እሱ ቀረ።»

«አስጠልቶሽ አያውቅም?»

«ምን ያስጠላኛል? ሳትደውዪልኝ ስትሰነብቺ እሱን ነው የማየው።»

ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ ይቅርታ» አልኳት፣ እንባዬም መጣ፣ ለበለበኝም። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። «በይ አታልቅሺ፣ ያቃጥልሻል፣ ቅቤውን ሂጂ ተቀበይ» ብላ ዘጋችብኝ።

ተቀብያለሁ። ሹፌሩ ፊቴን ሲያይ «እህት፣ እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። አመስግኜ መጣሁ፣ ምን ላድርግ?

ነገ አራት ሰዓት ላይ የእድር ስብሰባ አለ። አጀንዳው እኔ ነኝ። ከሰዓት ደግሞ ወሊሶ እሄዳለሁ፣ በእውነት እሄዳለሁ፣ ሻምበል ትኬቴን ካላየሁ ብለዋል።

ያን ኮመንት የሰጠኸው ልጅ፣ ካለህ ስማኝ። አፍሪካ አይደለም። የበቀለች ነው።

አሁን የቆዳ ሐኪም ከመሃላችሁ ካለ አንድ ነገር ልጠይቅ። ፊቴ ሲድን ማዳጋስካር ትመለሳለች ወይ? በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከአሁኑ ናፍቃኛለች።